ወገቤን ይዤ ወደ ሐርጌሳ

ከጅግጅጋ የተነሳሁት ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሄድኩት ወገቤን ለመታከም ነው።

ሠላሳ ዓመት በማዘጋጃ ቤት በታይፒስትነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ባለፈው ክረምት ማድቤት ውስጥ ወድቄ መነሳት አቃተኝና ግማሽ ቀን ወለሉ ላይ ዋልኩ። እዚያው እንደተኛሁ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ብሩክ ነበር፣ ከአዲስ አበባ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ዘጋሁት። በኋላ ነገሩን ከጎረቤት ሰማ። ያን ጊዜ ቤቱ ተሽጦ እሱ ዘንድ እንድገባ ቆረጠ። እኔ ደግሞ ከቤቴ መውጣት አልፈልግም። «አንድ ሕክምና ልሞክር፤ ካልሆነ ያልከው ይሁን» አልኩትና ተስማማን።

ሕክምናውን ያገኘችልኝ ሂቦ ናት። ወላጆቿ በስደት ጅግጅጋ ሳሉ ግቢያችን ተከራይተው ስለነበር አማርኛ የተማረችው ከብሩክ ጋር እየተጫወተች ነው። አሁን ሐርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች።

መንገዱ

ቶጎ ውጫሌ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ድንበሩን የሚሻገሩት በእግር ነው። ሻንጣዬን አንድ ሰው በጋሪ ገፋልኝ፤ መቶ ብር ተቀበለኝ። ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም ከተመታ በኋላ ሐርጌሳ የምትሄድ መኪና ውስጥ ከፊት ተቀመጥኩ።

የዚያ አገር መኪና መሪው በስተቀኝ ነው፤ የሚነዳውም በመንገዱ ቀኝ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ወዲያ ማዶ ምን እንደሚመጣ አይታየውም። የሚታየው ከፊት በግራ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነበርኩ። ሹፌሩ ጥቂት አማርኛ ያውቃል።

«እማማ፣ አለ?»

«አለ። ቆይ።»

«አሁንስ?»

«የለም፣ ሂድ።»

መንገዱ አጋማሽ ላይ እስካለችው ገቢሌይ ከተማ ድረስ እንዲህ ተባብለን ነዳን። ሜዳው ሰፊ ነው፤ እሾሃማ ቁጥቋጦው ላይ የላስቲክ ከረጢት ተሰቅሏል። ኬላዎቹ መንገዱን የሚዘጉት በገመድ ነው። ከከተማዋ ዳር የቆሙት መንትያ ኮረብቶች ሲታዩ ሹፌሩ «ሐርጌሳ!» አለ። ወገቤ እየነደደ ነበር። «ደህና ደረስን» አልኩት።

ሂቦ ቤቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ምሳው ሩዝ በፍየል ሥጋ ነው፤ ሙዝ አብረው ይበሉበታል። እንግዳ ነገር ቢሆንም ጣፈጠኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ

ዶክተር ሁዳ ቻይና ሄዳ የመርፌ ሕክምና የተማረች፣ አርባ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። ለአንድ ቀን የምታስከፍለው አሥራ አምስት ዶላር ነው። እናቴ በልጅነቴ ለሕክምና ብላ በጋለ ብረት የተኮሰችኝን ጠባሳ ዶክተሯ ጀርባዬ ላይ ስታይ ሳቀች።

«የዚህም አገር አሮጊቶች ሁሉ ይህ አላቸው ትልሻለች» አለች ሂቦ። በጅግጅጋ ልማድ አንቺ ትለኛለች።

መርፌዎቹ ከፀጉር ብዙም አይወፍሩም። ዶክተሯ አንዱን በሰካች ቁጥር ትጠይቃለች፣ ሂቦ ታስተረጉማለች።

«ከበደሽ? ደነዘዘሽ? ወደ እግርሽ ወረደ?»

«ደህና ነኝ።»

«እዚህ ጋስ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

አልጋዎቹን ከሚለየው መጋረጃ ማዶ የግመል ወተት የምትሸጥ አንዲት ባልቴት ትታከም ነበር። መርፌ በነካት ቁጥር «ሆዮ!» እያለች እናቷን ትጠራለች። እኔ አፈርኩላት።

ረቡዕና ሐሙስ ታከምኩ። ዓርብ ተዘግቶ ዋለ። ቅዳሜ ስመለስ ወገቤ እንደነበረው ነው። ዶክተሯ ሁለት መርፌ ሰክታ እንደ ልማዴ ስመልስላት እጇን ሰብስባ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለሂቦ ረጅም ነገር ነገረቻት።

«ነርቩን ማግኘቴን የማውቀው አንቺ ስትነግሪኝ ነው ትላለች። ግድግዳ ላይ ምስማር የምመታ መሰለኝ፤ ግድግዳ እንኳ ድምፅ አለው ትላለች።» ከዚያ ሂቦ የራሷን ጨመረች፦ «እትዬ ስንዱ፣ ወተት ሻጯ ጮኻ ጮኻ ሐሙስ ዕለት ጀሪካኗን ራሷ ተሸክማ ሄደች። አንቺ በጨዋነትሽ ልትቀበሪ ነው?»

እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ፊቴን ትራሱ ላይ ደፋሁ። ያ ሹፌር ትዝ አለኝ። እሱን «አለ፣ ቆይ» እያልኩ ነው ያመጣሁት። ለእሱም «ደህና ነኝ» ብለው ኖሮ ሁላችንም ከሚመጣው መኪና ጋር እንጋጭ ነበር።

«የሚያመኝ ቀኙ ነው» አልኩ። «ጠዋት ከአልጋ የምነሳው ግድግዳውን ገፍቼ ነው። ጫማዬን ማሰር ካቃተኝ ዓመት አልፎኛል። የሚያስርልኝ ካላገኘሁ ቤት እውላለሁ።»

ሂቦ ቃል በቃል አስተረጎመችላት።

ዶክተሯ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ መጀመሪያ ከወገቤ ዝቅ ብሎ፣ ከዚያም ከጉልበቴ ጀርባ ሰካች። በአምስተኛው መርፌ አንድ ከባድ ነገር እንደ ሞቀ ውኃ እስከ ተረከዜ ወረደ።

«ይኸው! ወረደ! አመመኝ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ከማዶ ወተት ሻጯ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

«ሐበሻዋ በመጨረሻ ተነፈሰች ነው የምትለው» አለችኝ ሂቦ። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ወገቤን አመመኝ፤ እሱንም ተናገርኩ።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ታከምኩ። ረቡዕ ዋሄንን በእግሬ ዞርኩ። የገንዘብ መንዛሪዎቹ የሽልንግ እስር እንደ ጡብ ደርድረው ተቀምጠዋል፤ ተሸካሚዎቹ እየጮኹ ያልፋሉ። ሂቦ ሱቅ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ያለ ደጋፊ ተነሳሁ። ዶክተር ሁዳ ስትሰናበተኝ ድነሻል አላለችም። ከባድ እንዳላነሳ፣ በየቀኑ እንድራመድ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንድመለስ ነገረችኝ።

መመለስ

ዓርብ ድንበሩን ተሻግሬ ወደ ቶጎ ውጫሌ ስገባ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ። ባለ ጋሪው ሊያስርልኝ ጎንበስ ሲል «ተወው» አልኩትና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ግን አሰርኩት።

ብሩክ ከአዲስ አበባ መጥቶ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

አፌ የለመደውን ሊል ነበር።

«ጠዋት ጠዋት አሁንም ያመኛል» አልኩት። «ባልዲ አላነሳም፤ አታንሺ ተብያለሁ። ከአልጋ ግን ግድግዳ ሳልገፋ እነሳለሁ። ይህን ጫማ ዛሬ ራሴ ነኝ ያሰርኩት።»

ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አየ። ቋጠሮው ጠማማ ነበር።

«ቤቱን ሽጪ ያልኩሽ ስለወደቅሽ አይደለም እኮ» አለ። «ወድቀሽ ደህና ነኝ ስላልሽኝ ነው። የምትነግሪኝን ማመን ከቻልኩ፣ ውኃ የሚያመጣልሽ ሰው አይጠፋም።»

በማግስቱ የውኃውን ሰው ፈልጎ አገኘልኝ፤ ስለ ሽያጩ ሳያነሳ ተመለሰ።

ሹፌርም፣ ሐኪምም፣ ልጅም እነሱ ካሉበት የማይታያቸው ነገር አለ፤ ነገሩ የሚታየው ሰው ካልነገራቸው አያውቁም። አሁን ብሩክ ጠዋት ሲደውል መጀመሪያ የሚያመኝን እነግረዋለሁ። ተመስገን የምለው ከዚያ በኋላ ነው።