አሰልጣኟ ጀርባዋን የሰጠችበት ጠዋት

አሰልጣኟ በየጠዋቱ ሥራ ቦታ ስትደርስ መጀመሪያ የምታደርገው እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ መክተት ነው። እጅ ባዶውን ከተገኘ ማገዝ ያምረዋል። የእሷ ሙያ ደግሞ እገዛን ቀስ በቀስ መተው ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ጎልማሶች ከቀጣሪ ታገናኛለች፣ አጠገባቸው ቆማ ታለማምዳለች፣ ከዚያ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ እያለች ትርቃለች። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሠራተኞች «ጥላ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ፊት ለፊቷም ይጠሯታል፤ አትቆጣም።

ያን ሰሞን የያዘችው ሰልጣኝ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበር። እዚያ እስኪመጣ ድረስ ዕድሜውን የገፋው በእህቱ ቤት መስኮት መንገድ እያየ ነው። ሥራው ከመተኮሻው ማሽን የሚወጣውን አንሶላ ዘርግቶ መመልከት ነበር፤ ንጹሕ ከሆነ አጣጥፎ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል፣ እድፍ ካለበት ተመልሶ እንዲታጠብ ባለጎማው ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። አንድ ጠዋት የሙከራ ጊዜው ማብቂያ ደረሰ። ካለፈ ይቀጠራል፤ ካላለፈ ወደ መስኮቱ ይመለሳል።

«እህቴ፣ ዛሬ አንቺ ውጪ» አላት አሰልጣኟን የልብስ ማጠቢያው አለቃ። «ሆስፒታሉ የሚቀጥረው አንድ ሰው ነው፤ ሁለት አይደለም።»

ኮሪደሩ ላይ፣ ከክፍሉ የመስታወት መስኮት ጀርባ፣ ከአለቃው ጎን ቆመች። በሩ ገርበብ ብሏል።

ሰልጣኙ የመጀመሪያውን አንሶላ ዘረጋ። አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ወዲያና ወዲህ ይቃኝ ጀመር። ሁለተኛው አንሶላ ከማሽኑ ወጣ፤ ሦስተኛው በላዩ ላይ ተደረበ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ተኳሿ ሴትዮ ከማሽኑ ማዶ። «ባንዲራ ልትሰቅል ነው እንዴ?»

«እትዬ የት አለች?»

«ጥላህን ነው? ፀሐይ ወጣባት!»

ሌሎቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ዓይኑ ሲንከራተት ቆይቶ ከመስታወቱ ማዶ አገኛት። አንሶላውን ወደ እሷ ከፍ አድርጎ ጠበቀ።

ያኔ ነገሩ ገባት። እነዚያን ሁሉ ሳምንታት እጇን ኪሷ ከትታ፣ ለካ በጭንቅላቷ ስታግዘው ኖራለች። አንሶላው ንጹሕ ሲሆን ነቅነቅ፣ እድፍ ሲኖረው ወዘወዝ። ሳይታወቃት። እሱም የተማረው አንሶላ ማየት ሳይሆን እሷን ማየት ነበር።

አሁንም ልትነቀንቅለት ትችላለች። አለቃው ዓይኑን የተከለው ሰልጣኙ ላይ ነው፤ ማንም ልብ አይልም። ሥራው ይገኛል። ነገስ? ከነገ ወዲያስ ማን ይነቀንቅለታል?

ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ፊቷ ያለው የኮሪደሩ ግድግዳ ብቻ ነው። ማሽኑ ሲያጓራ ትሰማለች።

«ሄደችብኝ» አለ ሰልጣኙ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«የት ትሄዳለች? ይኸው ጀርባዋ!» አለች ተኳሿ። ከዚያ ለዘብ ብላ፣ «ስማኝማ ወንድም ዓለም፣ እዚህ አንሶላ ላይ አንተ ትተኛለህ?»

አንሶላው ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ጠየቅኩህ እኮ!»

«አልተኛም።»

«ለምን?»

«እዚህ ጋ ቢጫ ነገር አለው።»

«ታዲያ ምን ታቅፈህ ትቆማለህ!»

የቅርጫቱ ጎማ ጢጥ ሲል ሰማች። አልዞረችም። ቆይቶ ደግሞ የመደርደሪያው ብረት ቀጭ አለ፤ አሁንም አልዞረችም።

የጠዋቱ ፈረቃ ሲያበቃ አለቃው አጠገቧ መጣ። «ንጹሕ አንሶላ ቅርጫት ሲከት አይቻለሁ። ያውም ደጋግሞ። ውሃና ሳሙና በነፃ አይመጣም።»

«እድፍ ያለበትስ አሳልፏል?»

አለቃው ገብቶ ከመደርደሪያው አንዱን ገለጥ፣ ሌላውን ገለጥ አደረገ። ተመልሶ ሲወጣ ፊቱ አልተፈታም።

«አላሳለፈም። ግን ቀርፋፋ ነው። ቀጥሬዋለሁ እንዳትዪ፤ አንድ ሳምንት ልጨምርለት። አንቺ አትምጪ፤ በመስታወትም በኩል እንዳላይሽ።»

እጆቿን ኪሷ ከታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ብቻውን ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደ፤ እሷ በሌላኛው የከተማው ጫፍ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ አዲስ ሰልጣኝ ተረከበች።