እንፍራንዝ አራት ዳዊት ነው

አውሮፕላን አዘዞ ሊያርፍ ዝቅ ሲል የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ አባቴ ጋቢውን ከጆሮው ገለጥ አድርጎ "መላኩ ነው?" ይለኛል። ደሜ ይፈላል። በአባቴ አይደለም፤ በታናሽ ወንድሜ በመላኩ ነው። ከአዲስ አበባ በደወለ ቁጥር "እታለም፣ አንድ ሰዓት በረራ እኮ ነው፤ ባሰኘኝ ቀን ቁርሴን እዚህ በልቼ ለምሳ እናንተ ጋ ነኝ" ይለኛል። ስንት ፋሲካ አለፈ፤ ያ ምሳ ግን አልተበላም።

ልጆች ሳለን ኪሎ ሜትር የሚባል ነገር ቤታችን አልገባም ነበር። አባታችን መሪጌታ ስለሆነ መንገድ የሚለካው በዳዊት ነው፤ መዝሙሩን በቃሉ እየደገመ ይሄዳል፣ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እንደዘለቀው ያስታውሳል፣ የአገሩም ርቀት ያ ነው። የከተማችን ፒያሳ አንድ ዳዊት አይሞላም፣ እንፍራንዝ አራት ዳዊት ነው። መንገድ የሚጠይቁት ነጋዴዎች ይህን ሲመልስላቸው ግራ ገብቷቸው ይሄዱ ነበር፤ እናታችን ደግሞ "ምሳ የሚጠብቀው ከሆነ ዳዊቱ ያጥራል" እያለች ትስቅበት ነበር።

መላኩ በልጅነቱ እንፍራንዝ አክስታችን ዘንድ ሳለ ወባ ጣለው። አንድ ሾፌር ወሬውን ሲያደርሰን መሽቶ ነበር፤ ወደዚያ የሚሄድ ማኪና እስከ ማግስቱ አልነበረም። አባቴ "እስከ ነገ ምን ይጠበቃል" ብሎ መቋሚያውን አነሣ፤ እናቴ የሽምብራ ቆሎ በመሀረብ ቋጥራ ከኋላው ሮጠች። በማግስቱ መላኩ ዓይኑን ሲገልጥ የአባቱን ጥምጥም አየ። የአባቴ እግር አብጦ ጫማው አልወልቅ ስላለ አክስታችን በቢላዋ ቀደደችው። ይህን ታሪክ መላኩ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ በኩራት ነው የሚያወራው፣ አያፍርም።

አሁን አባቴ ዓይኑ ፈዟል፣ ሰውም እየረሳ ነው። እናታችን ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ ገበያ የሄደች ይመስለዋል፤ እኔን አንዳንድ ቀን በአክስቴ ስም ይጠራኛል። የመላኩን ስም ብቻ አልሳተም። እሱም ሳይጠፋበት ቶሎ ና ብዬ ወንድሜን ለምኜው ነበር፤ "በዚህ ወር እንኳ ሥራ በዝቶብኛል" አለኝ። እንግዲህ የአንድ ሰዓት መንገድ ለሚመጣ ሰው እንጂ ለማይመጣ ምኑ ነው? የድሮው የአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ይሻለን ነበር፤ ያኔ የቀረ ሰው ቢያንስ ሰበብ ነበረው።

ዛሬ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ አባቴ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ፤ እኔም ትዕግሥቴ አለቀ።

"አይደለም አባየ። መላኩ አይመጣም። አንድ ሰዓት መንገድ ከብዶታል።"

እሱ ግን፣ "ምነው ልጄ፣ አትቆጪው እንጂ። በእግሩ ይሆናል የሚመጣ" አለኝ። "አዲስ አበባ ስንት ዳዊት ይሆን?"

ልጁን በመንገድ ሊያግዘው ይመስል "ብፁዕ ብእሲ" ብሎ ዳዊቱን ጀመረ። እንፍራንዝ እስኪደርስ አራት ጊዜ የዘለቀው ሰው፣ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ጠፋበትና እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ።