ዘጠኝ ጊዜ የታተመው ደብዳቤ

ይህ የሆነው ባለፈው መስከረም፣ አሶሳ ውስጥ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋው ማሽኑ ስለተበላሸ አይደለም፤ ስላልተበላሸ ነው።

አቶ አጣሂር የሚባሉ ገበሬ ከሆሞሻ መጥተው ለልጃቸው የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቁ። ልጅቷ ኮሌጁ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ምዝገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ደብዳቤው አራት መስመር ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ጽፌ ጨረስኩና «አትም» የሚለውን ተጫንኩ። ኮምፒዩተሩ «ተልኳል» አለ። አጠገቤ ያለው ፕሪንተር ግን ዝም።

ፕሪንተር እምቢ ሲል ሐኪም የማይሆን ሠራተኛ አላውቅም። አንዱ ነቅሎ ሰካው። ሌላው ቀለሙን አውጥቶ እንደ ሕፃን ሽሮፕ ናጠው። ሦስተኛው ፕሮግራሙን ዘግቶ ከፈተው። ከእያንዳንዱ ሕክምና በኋላ እኔ «አትም» እላለሁ። ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝና፣ በመሃል በመሃል የሰው ልጅ ለማሽን ስለመገዛቱ ንግግር አደረግሁ።

«ኡስታዝ፣ በእጅ ጻፍ» አሉኝ አቶ አጣሂር። የተማረ የሚመስል ሁሉ ለእሳቸው ኡስታዝ ነው። «ልጄ በር ላይ ቆማለች።»

«በእጅ የተጻፈ አይቀበሉም፣ አባቴ።»

«የሚፈርመው እጅ አይደለም እንዴ?»

ኮሪደር ላይ ይጠብቁ አልኳቸው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። «ስሜ እዚያ ቤት ብዙ ነው» አሉ፣ ወደ መዝገብ ቤቱ እያመለከቱ።

ሁለታችን ሄድን። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አስካለ ዘጠኝ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ደርድራ፣ ለእያንዳንዱ የወጪ ቁጥር ሰጥታ ተቀምጣለች።

«አስኩ፣ ያው ደብዳቤ ዘጠኝ ጊዜ ሲመጣ አንድ ቃል አትይም?»

«ቁጥር መስጠት እንጂ መመርመር ሥራዬ ነው እንዴ? ፈራሚ እየጠበቅኩ ነው።» ከፋይል ውስጥም አሥራ ሁለት ገጽ መዘዘች። «ደግሞ ይቺ የትናንቷ፣ ስለ ሠራተኛ ስንፍና የምታወራው፣ ለማን ነው የምትሄደው?»

የእኔ ናት። የአስካለ ፕሪንተር ቀለሙ ስለሚያምር፣ ትናንት በምሳ ሰዓት የግል ጽሑፌን ወደዚያ ልኬ ነበር። ልወስዳት ስሄድ ሰው ስለነበር አፍሬ ተመለስኩ። ኮምፒዩተሬንም ወደ ራሴ ፕሪንተር ሳልመልሰው ቀረሁ።

አንዱን ደብዳቤ ፈረምኩ፤ አስካለ ማኅተሙን መታች። አቶ አጣሂር ባጃጅ ይዘው በረሩ።

በማግስቱ ወደ ሆሞሻ ከመመለሳቸው በፊት ቢሮ ድረስ መጡ። ልጅቷ በሩ ሊዘጋ ሲል ተመዝግባለች። በሁሉም ፊት እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «አላህ ይስጥህ፣ ኡስታዝ። ለእኔ ብለህ ብዙ ደከምክ» አሉኝ።

ባልደረቦቼ እስካሁን ፕሮግራሙን ያማሉ። አላረምኳቸውም። ሌላውን ሁሉ ስተች የማላፍር ሰው፣ ያን ምስጋና ሳስታውስ ግን ዛሬም ፊቴ ይግላል። ጽሑፌን ስጪኝ ለማለትም አልደፈርኩም። እዚያው ፋይል ውስጥ ናት፤ ቁጥር አላት፣ ፈራሚ የላትም።