ሮስን የጠበቀው ጨዋታ

ሮስ ፔንገሊ ከጠዋት ጀምሮ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቤቱን ይዞራል። የሚያየው ሰው የለም፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዋላሩ በምትባለው የወደብ ከተማ ባሕር ዳር ያለችውን ቤት የያዘው ብቻውን ነው። ግን ልማድ ሆኖበታል። ከፋሲካ በፊት ቀለል ያለ ስትሮክ መታው። እግሩ ሲተርፍ እጁ አልተረፈም፤ ሲለው ይንቀጠቀጣል፣ ሲለው እንደ ሌላ ሰው እጅ ይደነዝዛል። ለልጁ ለታምሲን ግን «እጄን አጣምሜው ተኝቼ ነው» ብሏታል።

ታምሲን ሩቅ ምዕራብ፣ የብረት ማዕድን በሚወጣበት በረሃ የከባድ መኪና ሹፌር ናት። ስልክ ላይ አባትም ልጅም ወሬ አያውቁም። «ዘነበ?» «አልዘነበም።» «በላህ?» «በላሁ።» አለቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ «የጨው ወደቦች» የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ሲጫወቱ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። በየደሴታቸው ጨው እያመረቱ፣ መርከብ እየሠሩ፣ አንዱ የሌላውን ወደብ ለመንጠቅ እያደባ፣ በማዳመጫው የልባቸውን ይጫወታሉ። እናቷ የሞተች ሰሞን እንኳ አብረው ያለቀሱት እዚያ ጦርነት ላይ ሆነው ነው።

ሮስን ያስጨነቀውም ይኸው ነው። እስካሁን የተጫወቱት የመጀመሪያው ክፍል ፋታ አይሰጥም። አንተ ስታስብ ጠላት ይቀዝፋል፤ ጣቱ የፈጠነ ያሸንፋል። ከታመመ ወዲህ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» እያለ ቅዳሜዎቹን ሲሸሻቸው ከረመ። አሁን ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ወጣና ታምሲን ለሁለቱም ገዛች። አዲስ ነገር ሲፈጥንና ሲወሳሰብ እንጂ ሲያዘግም አይቶ አያውቅም። ዛሬ ካልቻለ ቅዳሜ የሚሉት ነገር አከተመ። የሚቀረው «ዘነበ?» ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጠራችው።

«አንተ ሽማግሌ ወንበዴ፣ አለህ?»

«አለሁ። ወደብሽን ጠርገሽ ጠብቂኝ!»

አፉ እንደ ድሮው ነው። እጁ ግን ጠረጴዛው ላይ ይርገበገባል።

ካርታው ተከፈተ። ሁለት መርከቦች አዘዘና ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ምንም የለም። ባሕሩ ፀጥ እንዳለ ነው።

«ታምሲን፣ የተበላሸ መሰለኝ። አይንቀሳቀስም እኮ።»

ከት ብላ ሳቀች። «አልተበላሸም አባዬ፣ አንተን እየጠበቀህ ነው! ሁለታችንም ትእዛዛችንን ሰጥተን ስናበቃ ‹ጨርሻለሁ› የሚለውን እንጫናለን፤ ያኔ ሁሉም ባንዴ ይንቀሳቀሳል። እስከዚያ ያሻህን ያህል አስብ። ሻይህን ጠጣ።»

ሮስ ካርታውን ከዳር እስከ ዳር አየ። ጨዋታው ያው የድሮው ነው፤ ጨው፣ መርከብ፣ ተንኮል። የሠሩት ሰዎች የነኩት ጥድፊያውን ብቻ ነው። ነፋሱ በሚቀጥለው ዙር ከየት እንደሚነፍስ እንኳ አስቀድሞ ይታያል። ዕድሜውን ሙሉ ወደብ ላይ ስንዴ ሲጭን የኖረ ሰው ነውና፣ መርከቡ በተጫነ ቁጥር ዝቅ ዝቅ ሲል አይቶ «ይህን እንኳ አልረሱትም!» አለ። ትከሻው ረገብ አለ።

መርከቦቹን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣቸው። ነፋሱን አይቶ ግማሹን ሊመልስ ነበር፤ ዙሩ እስኪዘጋ ድረስ መመለስ ይቻላል። ድንገት እጁ ዘለለ። ጣቱ «ጨርሻለሁ» ላይ አረፈ፤ ታምሲን ቀድማ ተጭና ስለነበር ዙሩ ተዘጋ።

መርከቦቹ ዋናውን፣ እናት ወደቡን ባዶ ጥለው ሄዱ። በሚቀጥለው ዙር ታምሲን ዘው ብላ ገባች። ሮስ ዓይኑን ጨፈነ። በድሮው ጨዋታ እናት ወደቡ የተያዘበት አበቃለት፤ ስክሪኑ ይጨልማል።

«አባዬ» አለች፣ ሳቋ ጠፍቶ። «አንተ ነህ እናት ወደብህን ባዶ የተውከው?»

«ተሳሳትኩ።»

«አትዋሸኝ! ሆን ብለህ ነው። ልጅ እያለሁ ምን ነበር ያልኩህ? እየለቀቅክልኝ ከሆነ ሁለተኛ አብሬህ አልጫወትም አላልኩህም?»

‹አዎ ለቅቄልሽ ነው› ቢላት ታኮርፋለች። እውነቱን ቢነግራት ትደነግጣለች፤ ምናልባትም ‹በቃ ተወው፣ እረፍ› ትለዋለች። ዓይኑን ሲገልጥ ስክሪኑ አልጨለመም። ከሚቃጠለው ወደብ ሰው፣ ዶሮና የጨው ጆንያ የጫኑ ትንንሽ ጀልባዎች እየወጡ ነው። ከሥራቸው «ሕዝብህ ተርፏል። ወዴት ይሂድ?» ይላል።

«እጄ ነው፣ የኔ ልጅ» አለ ሮስ። «ስትሮክ መቶኝ ነበር። ሳላዘው ነው ጣቴ የወደቀው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ በፊት።»

«አጣምሜው ተኝቼ ነው አላልከኝም?»

«ተኝቼም ነበር።»

«አንተ ግትር ሽማግሌ! ስመጣ ነው የምገልህ!» ድምጿ ተቆራረጠ። ከዚያ ቁልፍ ስትነካካ ተሰማ። ሮስ ዘግታ ልትወጣ መሰለው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ እያየሁ ነው። ስማኝ፣ ‹ጨርሻለሁ› የሚለውን ወደ ግራ እጅህ ማዛወር ይቻላል። ተጭነህ ካላቆየኸው እንዳይሠራም ማድረግ ይቻላል። አስበውበታል እኮ!»

«የሚመጣው ቅዳሜስ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«መጀመሪያ ይችን ጨርስ። ሕዝብህ ውሃ ላይ ነው ያለው።»

እንዳለችው አስተካከለና ግራ እጁን ቁልፉ ላይ አኖረ። ቀኙ ጉልበቱ ላይ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ካርታውን ቃኘ። ታምሲን የሱን ወደብ ለመያዝ ቸኩላ መርከቦቿን በሙሉ ይዛ መጥታለች፤ የራሷን የሚጠብቅ አንድ እንኳ አልቀረም። አፉን ዘግቶ ጀልባዎቹን ወደ ባዶው ወደቧ አዞረ።

«አባዬ፣ ምነው ዝም አልክ? ደህና ነህ?»

«እያሰብኩ ነው» አለ። «ጠብቂኝ።»