ይችን ብቻ

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ፣ ጎንደር ቁስቋም እናቴ ቤት፣ እህል አልወርድ አለኝ። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፣ ዘመድ ተሰብስቧል፤ እናቴ ስታቀርብልኝ «በቃኝ» አልኳት። አልተከራከረችኝም። ትንሽ ቆርሳ «ይችን ብቻ» አለችኝ። ይችን ብቻ እንዴት እምቢ ይባላል? ዋጥኩ። ሌላ «ይችን ብቻ» መጣ። ስሰናበት ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። «ለእምቢ ባይ ትንሽ ነው የሚቆረሰው» ትላለች እናቴ፤ ትልቅ ካቀረብክለት ጥሎህ ይነሳል።

ጎንደር ነርስ ነበርኩ፣ ሃምቡርግም ነርስ ነኝ። ብርዱ ከደባርቅ አይብስም፤ የደባርቁ ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ ይወጣለታል። እዚህ ሰው ቤት ተጋብዘህ አንዴ «በቃኝ» ካልክ ሳህኑን ያነሱብሃል። እስኪለመኑ መግደርደር ለምዶብኝ የመጀመሪያውን ዓመት በጨዋነት ተራብኩ።

አከራዬ ሄር ኩንዝ፣ አቶ ኩንዝ እንደማለት፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከክፍሌ ጎን ባዶ ክፍል አለችው።

«እናቴን ላመጣ ነው» አልኩት።

«ውሉ አንድ ሰው ነው የሚለው።»

«እንግዳ ናት እኮ።»

«ለስንት ሰዓት?»

«ለሦስት ወር።»

«ይሄ እንግዳ አይደለም፣ ተከራይ ነው።»

«በእኛ አገር ሦስት ወር ያልቆየች እናት ተኳርፋ የሄደች ናት።»

አልሳቀም። እሑድ እሑድ ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር እንጫወታለን፤ የምናስይዘው የሟች ሚስቱን አዝራሮች ነው፣ ለሚያስይዙት ገደብ የለውም። «አዝራሮቼን በሙሉ ከወሰድክ እናትህ ትምጣ» አለኝ። ተማምኖ ነው። ጥሩ ካርታ ካልደረሰው አንዲት አዝራር የማይለቅ ሰው ነዋ።

መጀመሪያ ሦስት የንጉሥ ካርታ ሲገጥምልኝ ደስ ብሎኝ የአዝራር ክምሬን ሁሉ ገፋሁ። መነጽሩን አስተካክሎ፣ አንድም አዝራር ሳያስይዝ ካርታውን ጥሎ ወጣ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እንዲህ ያለው እምቢ ባይ እኛ ሰፈር ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ ካርታዬ ሲያምር ሦስት አዝራር ብቻ አስጠጋለታለሁ። ትንሽም ነገር ከያዘ ለሦስት አዝራር ብሎ መሸሽ ያሳፍረዋል፣ ይከፍላል። ካርታ ሳይቀናኝ ባዶ እጄን ስሆንም ያችኑ ሦስት አስጠጋለሁ፤ እሱም ባዶ እጁን ከሆነ ይጥልልኛል። እሱ ራሱ ጨምሮ ከመጣ ግን ንጉሥ ብይዝም እጥላለሁ፤ ኩንዝ በባዶ እጁ አይደፍርም። እንዲህ ስንል በጋቸው ሳያልቅ የመጨረሻዋን አዝራር ወሰድኩ። የባዶዋን ክፍል ቁልፍ አውጥቶ ሰጠኝ።

ወዲያው ደወልኩ።

«እማዬ፣ ክፍል ተገኘ። መጥተሽ ሦስት ወር ትቆያለሽ።»

«በቃኝ ልጄ፣ በስተርጅና አገር ማየት ምን ይሠራልኛል? የቁስቋምን ንግሥ ጥዬ የትም አልሄድ።»

ለካ ክምሬን ሁሉ ገፍቼባታለሁ። ናፍቃኛለች፣ ምን ላድርግ።

«እሽ» አልኳት ቀስ ብዬ፣ «አንድ ሳምንት ብቻ። ለንግሡ እመልስሻለሁ።»

ስትስቅ ሰማኋት።

«ምነው ልጄ፣ በገዛ ቢላዬ ትቆርስልኛለህ?»

እሽም አላለች፣ እምቢም አላለች። እኔ ግን ክፍሉን ጠርጌ አልጋውን አንጥፌዋለሁ።