ቦርከናን ተሻግሬ የወሰድኩት ኩፍኝ

ይህ የደረሰብኝ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት ለክረምት እንደተዘጋ ነው። ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆች አይቻለሁ፤ ብዙውን ነገር ረስቼዋለሁ፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሳምስ የምውል ሴት ነኝ። ያንን ክረምት ግን አልረሳሁትም። በአንዲት ትንሽ ውሸት የሰው ልጅ ለመግደል ምንም አልቀረኝም ነበር።

የምንኖረው ከሚሴ ከተማ ነው። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። አያ ይማም የሚባሉ የጨፋ ገበሬ ወዳጅ ነበሩት። በገበያ ቀን በቅሏቸውን እኛ ግቢ ያስራሉ፤ ጉዳያቸውን ጨርሰው ከአባቴ ጋር ሲጫወቱ ይቆዩና ይሄዳሉ። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ እስላም፤ ሥጋ አብረን አንበላም እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራ ነበር። በየክረምቱ "ይቺን ልጅ ለእሸት ስጡኝ" ይሉ ነበር። በፊተኛው ዓመት እናቴ አራስ ስለነበረች ሕፃን አዛይ ሆኜ ቀረሁ። በዚያ ክረምት ግን የመጣው ቢመጣ እሄዳለሁ ብዬ ምዬ ነበር።

የመጣውም ኩፍኝ ነበር። ሰፈራችን ገብቶ ነበርና እናቴ የታመመ ልጅ ያለበት ቤት ድርሽ እንዳልል አስጠንቅቃኛለች። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ፤ የጎረቤታችንን ሕፃን እወደው ስለነበር፣ ታሞም ቢሆን ሳልታይ ገብቼ አቅፌው እወጣ ነበር።

ልሄድ በተነሣሁበት ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ ያለቅሳል፤ ራሴን ይወጋኛል፤ ሰውነቴ ይግላል። እናቴ ግንባሬን ልትዳስስ ስትመጣ ዘወር አልኩና "የእርጥብ እንጨቱ ጭስ ነው" አልኳት። አመነችኝ። ሐምሌ ሊያልቅ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ከአያ ይማም ኋላ በቅሎ ላይ ተፈናጥጬ ቦርከናን ተሻገርኩ። ውሃው እስከ በቅሎዋ ሆድ ይደርስ ነበር፤ እኔ ደስ ስላለኝ ትኩሳቱም ትዝ አላለኝ።

የአያ ይማም ባለቤት እቴ ዘሃራ ይባላሉ። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ሉባባ፤ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከሷ በፊት የወለዷቸውን ሁለት ወንዶች፣ አሊንና ሰይድን፣ በአንድ ክረምት ኩፍኝ ወስዶባቸዋል። ይህንን እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች። እያወቅኩ ነው የሄድኩት ማለት ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ዕድሜዬ ያንን ከኔ ትኩሳት ጋር አላገናኘሁትም። የማስበው ስለ በቆሎ ነበር።

ሉባባ ገና በኦሮምኛ ነበር የምትናገረው። "ኮቱ" ትለኛለች፤ ነዪ ማለቷ ነው። እጄን ይዛ በቆሎው ውስጥ ትዞራለች፤ ከአንድ እሸት ላይ እሷ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል እንግጣለን፤ ሲመሽ ጭኔ ላይ ትተኛለች። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነን ቆየን።

በሦስተኛው ቀን ፊቴ ሽፍ አለ። ጎረቤት ያሉ አንዲት አሮጊት መጡና አገላብጠው አይተውኝ ኩፍኝ ነው አሉ። እቴ ዘሃራ ሉባባን ከአጠገቤ አንሥተው አቅፈው ወጡ። የዚያኑ ዕለት ከማሳው ማዶ ወዳለው የአያ ይማም እኅት ቤት ላኳት።

ጎረቤቱ ተሰብስቦ መከረብኝ። ወደ ከሚሴ እንዳልመለስ ቦርከና ሞልቷል፤ ደግሞም ኩፍኝ የወጣበት ሰው ነፋስ አይነካውም፣ ወንዝ አያሻግሩትም። አንዱ ፍየሎቹ ቤት ትተኛ አለ። እቴ ዘሃራ ያን ጊዜ ነው የተናገሩት።

"አማና ናት" አሉ፤ አደራ ማለታቸው ነው። "የሰው አማና ፍየል ቤት አላሳድርም።"

እንደ ወጉ ጓዳ ውስጥ መደብ ላይ አስተኙኝ። መስኮቱ በጨርቅ ተደፈነ፤ ከመንገድ የመጣ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ቅጠል ተንጠለጠለ። አያ ይማምና ጎረቤቶቻቸው ደጅ ተቀምጠው ዱዓ ሲያደርጉልኝ ይሰማኛል። ፍልሰታ ገብታ ስለነበር እቴ ዘሃራ ቅቤ ያልነካው ድስት ለይተው የጾም አጥሚት ይሠሩልኝ ነበር። እኔ ክርስቲያኗ የጾሙ ነገር ጭራሽ ጠፍቶኛል፤ የሚጠብቁልኝ እሳቸው ነበሩ።

ውሃ ግን አይሰጡኝም። ያኔ ኩፍኝ ውሃ አይወድም ይባላል። ውሃ ከተጠጣ የወጣው ወደ ሆድ ይመለስና ይገድላል ብሎ ያላመነ ሰው በአገሩ አልነበረም፤ የኔም እናት ብትሆን አትሰጠኝም። በቀን ሁለት ጊዜ አንድ ስኒ ወፍራም አጥሚት ነው፤ በቃ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ደጅ ደግሞ ዝናቡን ያወርደዋል፤ ጠፈጠፉ ጆሮዬ ሥር ጠብ ጠብ ሲል ይውላል። ከዚያ የባሰ ቅጣት አላውቅም።

በራስጌዬ በኩል የግድግዳው ምርጊት ተፈርፍሮ እጅ የሚያስወጣ ቀዳዳ ነበር። በሁለተኛው ቀን ብቻዬን ስሆን የአጥሚቱን ስኒ በቀዳዳው አወጣሁና ከጠፈጠፉ ሥር ያዝኩት። የሣር ጣራ ውሃ መልኩ የሻይ ነው፤ ጭስ ጭስ ይላል። ጨለጥኩት። እሞታለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። አልሞትኩም። ደገምኩ። እንዲያ እያልኩ ሦስት ቀን በሌብነት ጠጣሁ። ከሳምንት በኋላ ተነሥቼ ተቀመጥኩ፤ አሮጊቷም ውሃ መከልከሉ እንዳዳነኝ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ።

ደስታዬ አልቆየም። ወደ ቤቴ ልመለስ ውሃው እስኪጎድል ስጠብቅ የአያ ይማም እኅት ሉባባን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋት መጡ። ዓይኗ ቀልቷል። ስታየኝ "ኮቱ" እንኳ አላለችኝም። እኔ ከተነሣሁበት መደብ ላይ አስተኟት።

አያ ይማም በሬ ሊሸጡ ሰንበቴ ገበያ ወርደው ነበር፤ ዝናቡም መንገድ ላይ አስቀራቸው። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እቴ ዘሃራ፣ አሮጊቷ ጎረቤትና እኔ ነን። ሉባባ አፏ ውስጥ ስለቆሰለ አጥሚቱን ትተፋዋለች። "ቢሻን፣ ቢሻን" ትላለች። በኦሮምኛ ውሃ ማለት ነው። እናቷ ማር በጣታቸው ከንፈሯ ላይ ይቀቡላትና ፊታቸውን አዙረው ይወጣሉ። አሮጊቷ ጎረቤት እንስራው አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ክፋት አልነበረባቸውም፤ ልጅቷን የሚያድኑ መስሏቸው ነው።

በአራተኛው ቀን ሉባባ ውሃ መጠየቅ ተወች። ስታለቅስ እንባ አይወጣትም። ቆዳዋ ሲቆነጠጥ እንደተቆነጠጠ ይቀራል። ተነሥቼ ጓዳው ጥግ ቆምኩ። እኔ የማውቀውን ነገር እዚያ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። ዝም ብል አይታወቅብኝም። ብናገርና ውሃውን ጠጥታ ብትሞት ደግሞ በሽታውንም አምጥታ፣ ውሃም አስጠጥታ ገደለቻት ነው የሚባለው። አባቴ ያን ወዳጁን እንዴት ቀና ብሎ ሊያየው ነው? ፈራሁ። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

እቴ ዘሃራ ደጁ ላይ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል። ወጣሁና ከኋላቸው ሆኜ ተናገርኩ፤ ፊት ለፊት አላስቻለኝም።

"እቴ፣ ኩፍኙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከቤት ስነሣ አሞኝ ነበር። እናቴን ጭስ ነው ብዬ ዋሸኋት።"

አልዞሩም። ከጀመርኩት አይቀርም አልኩና ቀጠልኩ።

"እኔ ውሃ ጠጥቻለሁ። ከጠፈጠፉ እየተቀበልኩ ሦስት ቀን ጠጥቻለሁ። አልሞትኩም። በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ለሉባባም ይስጧት።"

በጥፊ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እዚያው ደጃፉ ላይ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አሉ።

"አሊም ውሃ ብሎኝ ነበር" አሉ። "ሰይድም። እስከ መጨረሻው ውሃ ነበር የሚሉት።"

ተነሥተው ገቡ። አሮጊቷ እንስራው ፊት ቆመው ልጅሽን በገዛ እጅሽ ልትገድዪ ነው ወይ ብለው ጮኹ፤ እቴ ዘሃራ ትከሻቸውን ይዘው ቀስ አድርገው ከመንገድ አነሷቸው። በቅል ቀዱና "ቢስሚላህ" ብለው በማንኪያ ከንፈሯ ላይ ጠብ አደረጉላት። የመጀመሪያው በአገጯ ወረደ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ጉሮሮዋ ዋጥ ሲያደርግ አየን። ከዚያ ማንኪያውን በጥርሷ ነክሳ አለቅም አለች።

ያን ቀን እስኪመሽ እየተፈራረቅን በጥቂት በጥቂቱ ስናጠጣት ዋልን። በማግሥቱ ጠዋት ሉባባ የተኛችበትን ቁርበት አራሰችው። የሰው ልጅ ሽንት እንደዚያ ሲያስደስት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እቴ ዘሃራ ቁርበቱን አቅፈው አለቀሱ። አሮጊቷም አልሐምዱሊላህ አሉና፣ ትንሽ ቆይተው እሳቸውም ድሮውኑ ጥቂት ውሃ ክፉ እንደማይሆን ያስቡ እንደነበር ነገሩን። ማንም አልተከራከራቸውም።

አያ ይማም ከዚያ በሁለተኛው ቀን ሲደርሱ ሉባባ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሚስታቸው ሁሉንም ነገሯቸው፤ የኔን ውሸት ሳይቀር። ዝም አሉኝ። ያን ዝምታ እስከ ማታ ድረስ ተሸክሜው ዋልኩ። ለእራት ስንቀርብ "ልጄ ብዪ እንጂ" አሉኝ፤ እህሉ ከጉሮሮዬ የወረደልኝ ያን ጊዜ ነው።

ነሐሴ ሲያልቅ ውሃው ጎደለና ወደ ከሚሴ የምመለስበት ቀን ደረሰ። እቴ ዘሃራ ሉባባን አዝለው እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ዋሽተሻል፤ እሱን ለእናትሽ ንገሪያት" አሉኝ። "ኩፍኝ ካንቺ ጋር ባይመጣ ከሌላ ሰው ጋር ይመጣ ነበር። ያ ሰው ግን ውሃ ስጪያት አይለኝም።"

ለእናቴ ነገርኳት። እጇ በገባው ነገር ገረፈችኝ፤ ይገባኛል። በሚቀጥለው ገበያ እቴ ዘሃራ ሲመጡ ደግሞ ሁለቱ ጓዳ ገብተው በሩን ዘግተው ብዙ ሰዓት ተቀመጡ። ሲወጡ የሁለቱም ዓይን አብጦ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ኩፍኝ እንደገና ጨፋ ገባ። እቴ ዘሃራ የታመመ ልጅ ያለበትን ቤት እየጠየቁ፣ እናቶቹን እየለመኑ፣ አንዳንዷንም እየተቆጡ ውሃ ሲያሰጡ እንደከረሙ አያ ይማም ለአባቴ ሲነግሩት ሰማሁ። በሩ ላይ ቅጠል ተንጠልጥሏል ተብለው ሲከለከሉ፣ ሁለት ልጅ የቀበርኩ ሰው ቅጠል አያስቆመኝም ይሉ ነበር አሉ።

በዚያ ውሸቴ ዛሬም አፍራለሁ፤ ዕድሜ አላጠበውም። ደጃፉ ላይ ቆሜ የተናገርኩትን ሳስታውስ ግን ደስ ይለኛል። ከዚያ በኋላ በኑሮዬ ዝም ብል የማይታወቅብኝ ነገር ብዙ ገጥሞኛል። ሁልጊዜ ተናግሬያለሁ ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ተናግሬያለሁ።

እቴ ዘሃራ ዕድሜ ጠግበው አረፉ። ሉባባ ሰባት ወልዳ ከሚሴ ትኖራለች። በየሳምንቱ ስልክ ትደውልልኛለች። ስሜን ጠርታኝ አታውቅም። "ኩፍኜ፣ ደህና አደርሽ?" ትለኛለች፤ እኔም ድምፅዋን ስሰማ ደህና አድራለሁ።