ሆዷ የተበሳ ጠገራ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ ሲወርዱ በስተግራ አንድ በረንዳ አለ። ከዚያ በረንዳ የስፌት መኪና ድምፅ ካልተሰማ ወይ ይስማው ታሟል፣ ወይ አጠገቡ ሰው ተቀምጦ ወሬ ተይዟል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁ ከብሩክታዊት በቀር ቤት ውስጥ የሚያዋራው ስለሌለ፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ "ና እስቲ አረፍ በል" ማለት ልማዱ ሆኗል።

ይስማው ሱሪ ያሳጥራል፣ የካህናት ቀሚስ ይሰፋል፣ መስከረም ሲጠባ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ይከርማል። አገር የሚያውቀው ግን በሳጥኑ ነው። ሳጥኗ ድሮ የጥይት ነበረች። አሁን ውስጧ በጥርስ የተነከሰች ጠገራ ብር አለች፤ የነከሳት ሰውዬ እውነተኛነቷን ሊያጣራ ብሎ ጥርሱን የሰበረ ነው። ከታረደ በሬ ጨጓራ የወጣች መሐለቅ አለች። ሁለት የጋይንት ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ በመጥረቢያ የገመሷት የጠገራ ግማሽ አለች፤ ሌላዋ ግማሽ እስከ ዛሬ ጋይንት ውስጥ አንድ ቤት ተደብቃለች ይላል ይስማው፣ ያያት ይመስል። ዓይነ ደካማ ነጋዴ እጅ ላይ ሳንቲም ሆኖ ያለፈ የጣሊያን ካፖርት ቁልፍም አለ።

አይገዛም፣ አይሸጥም። አሮጌ ሳንቲም ይዞ ለመጣ ይሰፋለታል። አንድ ሥርዓት ግን አለው፤ ሳንቲሟን ከመንካቱ በፊት ወሬዋን ይሰማል። የማን ነበረች? ከየት መጣች? ማን አለቀሰባት? "ወሬ የሌላት ብር ቆርቆሮ ናት" ይላል። ይህን ሥርዓት ያፈረሰው አንዴ ብቻ ነው። አንዴዋም በቃችው።

ጳጉሜን ውስጥ ነው፣ ዝናቡ ገና አልወጣም። ፋንቱ ልጇን ሃይማኖትን አስከትላ መጣች። ፋንቱ የመሪጌታ ማቴዎስ ሚስት ነበረች። ማቴዎስ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው በጭንጫዬ ማርያም ብዙ ዘመን ማሕሌት ቆሞ አምና ሲሞት፣ እሷ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ስማዳ፣ ወገዳ አካባቢ ወንድሟ ዘንድ ገብታለች። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። "ለልጄ ዩኒፎርም" ብላ ያኖረችለትን ሲያይ ይስማው የስፌቱን መርገጫ ተወው።

ጠገራ ናት። ግን የሴት አንገት ላይ የሚውለው ጠገራ አናቱ ላይ በብየዳ የተተከለች ጆሮ አለችው። ይህቺ ጆሮ የላትም፤ ሆዷ መሐል ለመሐል ተበስቷል። ላይዋ የተቀረጸው የንግሥት ፊት ከመፋተግ ብዛት ሟሙቶ እንደ ሕፃን ፊት ለስልሷል። ይስማው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ አላየም።

ሊጠይቃት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። በኋላ ለራሱ ሲያስበው አዘንኩላት ይል ነበር። ውሸቱን ነው። መልሷ ብሯን የሚያስመልሰው ዓይነት እንዳይሆን ፈርቶ ነው ዝም ያለው። የልጅቱን ትከሻ ለካ፣ ሰፋ፣ ሸኛቸው።

ወሬ የሌላት ብር አላስቀምጥ ሲለው ደግሞ ወሬውን ራሱ ሠራላት። ለብሩክታዊት፣ የአንዲት ሀብታም ወይዘሮ እንዝርት ክብደት ነበረች፣ ቀዳዳዋም የእንዝርቱ ዘንግ መግቢያ ነው አላት። ልጅቱ በስልኳ አነሳቻትና ከነወሬዋ ቴሌግራም ላይ የሳንቲም ወዳጆች ያሉበት ግሩፕ ውስጥ ለቀቀቻት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ከሁሉ ቀድሞ ልግዛት አለ። ይስማው ሳቀ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በመስከረም የመጀመሪያው ሰንበት ጭንጫዬ ማርያም አስቀደሰ። የሚስቱ መቃብር እዚያ ነው፤ ከጎኗ ለእሱ የሚሆን ቦታ ትቶ ነው የቀበራት። ከቅዳሴ በኋላ አለቃው መምሬ ዮሐንስ መስቀላቸውን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ፤ ሕዝቡም አልተበተነም። የሟቹ የመሪጌታ ማቴዎስ ጸናጽል ለብዙኃን ማርያም በዓል ይሰናዳ ተብሎ ከዕቃ ቤት ሲወጣ፣ በዘንጉ ላይ ከሚንሿሹት ብሮች አንዷ የለችም አሉ። መሐሏ የተበሳ ጠገራ ናት አሉ።

 ይስማው የእንዝርት ናት ብሎ ያወራላት ብር እቤቱ ሳጥን ውስጥ ናት።

መምሬ ዮሐንስ መስቀሉን ከፍ አደረጉ። "የወሰደ፣ የተቀበለ፣ ያየ፣ የሰማ፣ አውቆም ዝም ያለ፣ እስከ ብዙኃን ማርያም ወጥቶ ካልተናገረ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ውጉዝ ይሁን።"

ሕዝቡ "አሜን" አለ። ይስማውም አፉ ለምዶበት ከሕዝቡ ጋር "አሜን" አለ። ወዲያው በራሱ ላይ እንደተናገረ ገባው።

ግዝት ማለት ምን እንደሆነ የዚያ አገር ሰው አይነገረውም። የንስሐ አባት አይፈታህም። ስትሞት ፍትሐት የለህም። ያቺ ከሚስቱ ጎን ያለችው ቦታ ባዶዋን ትቀራለች። ቢናገርስ? የመሪጌታን ሚስት፣ የአባት አልባ ልጅ እናትን፣ የቤተ ክርስቲያን ሌባ ናት ብሎ አሳልፎ መስጠት ነው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የነካን ሰው ዘመኑ በዳኛ ብቻ አይለቀውም፤ በድንጋይ የሚቀድም ብዙ ነው። ከፋንቱም አልፎ ለራሱም ፈራ። ያን ሁሉ ዘመን አሮጌ ብር ሲሰበስብ የኖረ ሰው፣ አላወቅሁም ቢል ማን ያምነዋል?

እቤት ገብቶ ሥዕሏን አጥፊ አላት ብሩክታዊትን። ለምን አለች። "አጥፊ አልኩሽ።" እንዲህ ተናግሯት ስለማያውቅ ልጅቱ ደነገጠች። አጠፋችው፤ ነገር ግን ያየው ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ማጥፋት እንደማትችል ነገረችው። አባቷም እሱን ነበር የፈራው።

በማግስቱ ካሳ መጣ። ካሳ የጭንጫዬ ማርያም ዘበኛ ነው፣ ከይስማው ጋር አብሮ አደግ፣ ነገር መጎንተል የሚወድ። መምጣቱ አዲስ አይደለም፣ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ያን ቀን ግን አመጣጡ ራሱ ለይስማው የተለየ መሰለው። ካሳ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ አዝመራ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራ። ይስማው እየሰፋ ያለው ኮት እጅጌው ተገልብጦ ተሰፋ።

"አንተ፣ ምነው ዛሬ ጆሮህን የት ጣልከው?" አለው ካሳ። "ሁለቴ ጠየቅሁህ እኮ።"

"ምን አልከኝ?"

"የወንድሜ ልጅ በስልክ አንድ ነገር አሳየኝ ነው ያልኩህ። የእንዝርት ነው ያልካትን ብር።" ኮቱን አየና ፈገግ አለ። "ቆንጆ ናት። እኔ የሴት ልጅ ነገር አላውቅም እንጂ፣ በብር የሚፈተል ፈትል ሰምቼ አላውቅም።"

ይስማው ሳቀ። የተገለበጠውን እጅጌ ይተረትር ጀመር። ካሳ ዱላውን አንስቶ ሲነሳ፣ ብዙኃን ማርያም እየደረሰ ነው፣ አደራህን እንዳትቀር ብሎት ሄደ። ያውቃል? አያውቅም? ያን ሳምንት ይስማው ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ። የሰው ኮቴ በረንዳው ላይ በተሰማ ቁጥር መርፌው ጣቱን ይወጋዋል። ለወሬ የሚጠራቸው ሰዎች ራሳቸው ሲጠሩት እንኳ መልሱ አንድ ቃል ሆነ።

በመጨረሻ ፋንቱን ሳላይ አልናገርም አለ። ብሯን ሳጥን ውስጥ ትቶ መሄድ ፈራ፤ ይዞ መሄድም ፈራ። ያወቀበት ነገር ስፌት ብቻ ነውና ኮቱን ከትከሻው ላይ ተረተረ፣ ብሯን በትከሻ ጥጡ ውስጥ ወሸቀ፣ ደርቦ ደራርቦ ሰፋባት። ለብሶት ሲነሳ አንድ ትከሻው ከሌላው የከበደ መሰለው። መስታወት ፊት ቆሞ ብዙ አየ። ያዘነበለ ነገር የለም፤ እሱ ግን አዘንብሎ ሄደ።

የወገዳ መንገድ እንኳን ለፈራ ላልፈራም ከባድ ነው። ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመና ወንዶች ውረዱ ተባለ። ፈታሹ ገና ወጣት ነው። ኪሱን ዳበሰ፣ ወገቡን ዳበሰ፣ ከዚያ እጁ ትከሻው ላይ ወጥቶ ቆመ። ይስማው በልቡ እመቤቴን ይጠራ ጀመር፤ ወዲያው አፉን የያዘው ነገር አለ። የእሷኑ ብር ትከሻው ላይ ተሸክሞ እሷኑ አድኚኝ ሊል ነው?

"ሙያህ ምንድን ነው?" አለ ልጁ።

"ሰፊ ነኝ።"

"ያስታውቃል። ኮትህ ደህና ተሰፍቷል" አለና ትከሻውን መታ መታ አድርጎ አሳለፈው። ይስማው አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ ትከሻውን ወደ መስኮቱ አድርጎ ተቀመጠ።

ፋንቱን ከወንድሟ ግቢ አገኛት። ዩኒፎርሙን አጥባ አጥሩ ላይ እያሰጣች ነበር። ስታየው ደስ አላት፣ ግባ ቁጭ በል አለች፣ በቆሎ እሸት ልታቀርብ ተነሳች። ወገዳ ድረስ የጭንጫዬ ግዝት አልተሰማም። ይስማው ሳይቀመጥ ነገራት።

ፋንቱ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።  ዓይኗ አጥሩ ላይ ካለው ዩኒፎርም አልነቀል አለ።

"ልጄ እኮ ለብሳዋለች፣ አያ ይስማው" አለች። "ግዝቱ እሷንም ያገኛት ይሆን?"

 ይስማው ብሯን ሲቀበል ሊጠይቃት ይገባ የነበረውን ጠየቃት፤ እሷም ነገረችው። ብሯ የአንገቷ ናት። ስትዳር አባቷ ነው ያጠለቀላት፣ ያኔ አናቷ ላይ ጆሮ ነበራት። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ከማቴዎስ ጸናጽል ብሮች አንዷ በበዓል ዋዜማ ተሰብራ ወደቀች። ማቴዎስ የሚስቱን አንገት አየ። ሌላ እስክተካልሽ ስጪኝ አላት። ጆሮዋን ቆርጦ ሆዷን በወስፌና በመዶሻ በሳት።

"እሷን ሲበሳ የእኔን ሆድ የበሳው ነው የመሰለኝ። ግን ምን ልበል? ለማርያም ነው።"

ከዚያ ወዲህ በየማሕሌቱ ከሴቶች በኩል ቆማ ከጸናጽሉ ሁሉ ድምፅ መሐል የእሷን ብር ትለይ ነበር። ማቴዎስ ሳይተካላት ሞተ። ዕቃውን ከቤተ ክርስቲያን ልትወስድ ስትሄድ ጸናጽሉን ተሳለሚው ብለው ሰጧት፤ ዘንጉ ላልቶ ነበርና ብሯ መዳፏ ላይ ወደቀች። መዳፏን ጨበጠችው። ልጅቱን ያለ ዩኒፎርም ትምህርት ቤት አላስገባ ብለዋት ነበር።

"ሰርቄ ነው ወይስ የራሴን ወስጄ? እኔ እንጃ። የራሴን ከሆነ ለምን እጄ ተንቀጠቀጠ?"

ይስማው ብሯን እኔ ወስጄ ልስጥ፣ ስምሽን አላነሳም አላት። ፋንቱ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። አውቆ ዝም ያለ ነው ግዝቱ የሚለው፤ እኔን ስትሸሽግ አንተን ሊበላህ ነው አለች። በሚሆነው ሳይስማሙ ተለያዩ።

የብዙኃን ማርያም ዕለት ግቢው ጢም ብሏል። ይስማው ያንኑ ኮት ለብሶ ከሚስቱ መቃብር አጠገብ ቆመ። ፋንቱ ትምጣ አትምጣ አላየም። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ዮሐንስ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ዛሬ ቀኑ ሞልቷል፣ የሚናገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ካሳ በሩ ላይ ዱላውን ተደግፎ ወደ ይስማው ያያል።

ይስማው መሄዱን ያወቀው ሰው ገለል ሲልለት ነው። መሐል ደርሶ ትከሻውን ያዘ። ስፌቱን ሊተረትር ሞከረ፤ አልላቀቅ አለው። ሕዝቡ ያጉረመርማል፣ ከኋላ አንዱ ምን ሆነ ሰውዬው አለ። ካሳ መጣ። ይስማው ሊመታኝ ነው ብሎ አንገቱን ቀበረ። ካሳ ግን ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ሰጠው።

"ድሮም ስፌትህ አይለቅም" አለው በዝቅተኛ ድምፅ።

ብሯ ስትወጣ ጉርምርምታው ጨመረ። አንድ ሁለት ሰው ወደፊት ተገፋ። መምሬ ዮሐንስ መስቀላቸውን በሕዝቡና በይስማው መካከል ዘረጉ።

"ከማን እጅ አገኘሃት?"

ይስማው መቃብሩን አየ። "አባቴ፣ ሳልጠይቅ ነው የተቀበልኳት" አለ። "መጠየቅ ሥርዓቴ ነበር። እንዳትወሰድብኝ ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ።"

"ከማን ነው ያልኩህ?"

ሦስተኛ እስኪጠይቁት አልደረሰም። ከሴቶች በኩል ፋንቱ ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች። ልጅቱ ዩኒፎርሟን ለብሳለች። "ከእኔ ነው" አለች ፋንቱ፤ ከዚያም ለይስማው የነገረችውን ሁሉ ለአገር ነገረች። ድምፅዋ መጀመሪያ አልሰማ አለ፤ የወስፌው ነገር ላይ ስትደርስ ግቢው ሁሉ ይሰማት ነበር።

መምሬ ዮሐንስ ብሯን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧት። "ማቴዎስ ሲያንሿሿት ስንት ዘመን ሰማናት" አሉ። "የማን እንደሆነች እኛም አልጠየቅንም።" መስቀሉን ለይስማውም ለፋንቱም ለልጅቱም አሳለሙ። "እግዚአብሔር ይፍታችሁ።" ከዚያ ብሯን ለፋንቱ ዘረጉላት። ፋንቱ እጇን ወደኋላ ሰበሰበች። ማርያም ትያዛት፣ እኔ ድምፅዋን እሰማለሁ አለች።

ሁሉም ግን "እሰይ" አላለም። አንዳንዱ ከይስማው ፊቱን እንዳዞረ ሄደ። እሱም በቀኝ ትከሻው ላይ በተተረተረው ኮት፣ ከኋላው የሚመጣ ኮቴ ያለ እየመሰለው፣ ዞር ዞር እያለ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ብሩክታዊት ስልኳን ይዛ ጠበቀችው። የአዲስ አበባው ሰውዬ ዛሬም ጽፏል፣ እንዝርቷ አለች ወይ ይላል፣ ምን ልበለው አለችው።

"እንዝርት አልነበረችም በይው።"

ስፌት መኪናው ዳግም መሰማት ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን የስማዳ ገበሬ በነጠላው ጫፍ ቋጠሮ ይዞ በረንዳው ላይ ወጣ። ይስማው ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ሸሸገ።

"ቋጠሮውን አትፍታው" አለው። "መጀመሪያ ተቀመጥና ንገረኝ።"